የፈረምኩላቸው መቶ ሃያ ችግኞች

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ደምሴ እባላለሁ፤ በዚያን ጊዜ ነፋስ ስልክ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ አትክልተኛ ነበርኩ። ሁለተኛዋ ብርቄ ናት፤ ባለቤቴ። ሦስተኛው ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ እኛ ሁላችን ሳንመጣ በፊት አባታቸውም እሳቸውም እዚያው መሬት ላይ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ። አራተኛው ጀማል ነው፤ ከስልጤ አገር የመጣ፣ በሩ ላይ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ፣ ቀልድ የማያልቅበት ጎረቤታችን። አምስተኛው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተፈራ። ስድስተኛው ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው፣ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ አስራት። የቀሩትን ሦስት ጎረቤቶች ስም አልጠራም። ልጆቻቸው ዛሬ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እናቶቻቸው ነጠላቸው ሥር ምን ይዘው ይሮጡ እንደነበር ከእኔ መስማት የለባቸውም።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ትምህርት ቤት የገባሁት አጥሩን ልቆርጥ እንጂ ልማር አልነበረም። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ከረጢትና ከዘር እሽግ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የአትክልት አያያዝ መጽሐፍ እጄ ገባ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አነበብኩት። በራሱ የተማረ ሰው ክፉ አመል አለው፤ ያወቃትን ሁሉ ለሰው ካልነገረ አይተኛም። እኔም እንዲያ ነበርኩ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ ሕግ ነበረ፦ ከስርቆት ውሸት ይብሳል። ሴት ልጆቼ ብርጭቆ ቢሰብሩ ይማራሉ፤ «እኔ አልሰበርኩም» ካሉ ግን አይማሩም። «አባታችሁ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም» እላቸው ነበር። ይህን ስል ብርቄ ወደ ድስቷ ታቀረቅራለች። ለምን እንደምታቀረቅር ጠይቄያት አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ከነፋስ ስልክ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር የነበርን ስድስት ቤቶች፣ በሐምሌ ወር እያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ችግኝ ታደለን። ጥድና ግራቪሊያ ነው። በአብዮት በዓል እንግዶች በዚያ ስለሚያልፉ ሰፈሩ አረንጓዴ ይሁን ተባለ። የቀበሌው የአረንጓዴ ኮሚቴ ኃላፊም እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያ ሹመቴ ነው፤ የመጨረሻዬም ሆነ።

ያልሰማሁት ወሬ ነበር። «የተቆጠረ ዛፍ የመንግሥት ነው። ዛፉ የቆመበት መሬትም ከዛፉ ጋር ይቆጠራል» ይባባላል ሕዝቡ። ለእኔ ማን ይነግረኛል? ስብሰባ ላይ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንዱ ችግኙን ለፍየል ሰጠ፣ ሌላው ጸሐይ ላይ አቁሞ አደረቀ፣ ሌላው «ጎርፍ ወሰደብኝ» አለ። እኔ ግን ማለዳ ወጥቼ ማታ ስለምገባ ለብርቄ «ትከዪ» ብዬ አዝዤ ሄድኩ፤ እሑድ ስመለከት ሃያውም በአራት ረድፍ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዷ ግራቪሊያ ወገቧ ተሰብሮ ስለነበር በእንጨት ደግፌ አሰርኳት። ክር አጥቼ የግራ ጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ ነው ያሰርኳት፤ ጫማዬን በቃጫ ቋጠርኩ። ዛፍ የሚወድ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ ለልጆቼ አስተማርኩበት።

ቆጠራው ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ጧት ሆነ። እኔና ሊቀመንበሩ ጓድ ተፈራ መዝገብ ይዘን ከእኔ ቤት ጀመርን። ሃያ። ጓድ ተፈራ አጨበጨበልኝ። ወደ ጀማል ቤት ልንሻገር ስንል ብርቄ ደጃፉ ላይ አስቆመችን።

«ደምስ፣ እስቲ ለጓድ ሊቀመንበር የጥድን ሥር ነገር ንገራቸው። ለምንድነው ውኃ ሲበዛበት የሚበሰብሰው?»

አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር ስለ ዛፍ ጠይቃኝ አታውቅም። ደስታዬ ወሰን አጣ። ከሥሩ ጀምሬ እስከ ቅጠሉ ድረስ አስረዳሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ጓድ ተፈራ ሰማይ ሰማይ እያየ ያዳምጣል። ብርቄ ግን እንደጀመርኩ ሹልክ ብላ ወደ ጓሮ ሄዳለች።

የጀማልን በር ብናንኳኳ ቶሎ አልተከፈተም።

«ጀማል!»

«መጣሁ ጋሼ፣ ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው!»

«በርህ መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ አለው እንዴ?»

«እሱኮ ነው፣ ለዚህ ነው ያጣሁት!»

ሲከፍት እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ግቢው ውስጥ ግን ሃያ ችግኝ፣ በአራት ረድፍ። መካከላቸው ላይ አንዲት ግራቪሊያ በእንጨት ተደግፋ ታስራለች። ልቤ ሞላ። «ይህን ድጋፍ ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ከእርስዎ አይተን ነዋ፣ ጋሼ። ከእርስዎ ግቢ ያላገኘነው ምን አለ?»

አሁን ሳስበው ጀማል በዚያን ቀን አንድም ውሸት አልተናገረም።

ከበሩ ስንወጣ ደግሞ የጀማል ሚስት፦ «ጋሽ ደምሴ፣ ግራቪሊያ ስንት ወር ሲሆነው ነው የሚከረከመው?» አለችኝ። ምን ዓይነት ሕዝብ ነው! ዕውቀት የተጠማ ሕዝብ! ቆሜ አስተማርኩ። ዝናብ ካፊያ ጀመረ፤ አላቆምኩም።

ሦስተኛው ቤት የኦቦ ቱሉ ነው። በዚያም ሃያ ችግኝ ቆሟል፤ በዚያም አንዲት ወገበ ሰባራ ግራቪሊያ ታስራለች። በአንድ ሰፈር፣ በተከታታይ ሦስት ቤት፣ አንድ አንድ ግራቪሊያ ትሰበራለች፣ ያውም ወገቧ ላይ? ጎንበስ አልኩ። ማሰሪያው ቡናማ ነው፤ ጫፉ በእሳት ተለብልቧል። ወደ ግራ እግሬ ተመለከትኩ፤ ቃጫ። የቀኝ ጫማዬን ማሰሪያ ተመለከትኩ፤ ቡናማ፣ ጫፉ የተለበለበ።

ጣቴን በቀስታ አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ። ጥፍሬ አንድ ነገር ነካ፤ «ቂው» አለ። የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። አፈር ለብሶ እስከ አፉ ተቀብሯል።

ቀና ስል ኦቦ ቱሉ አጠገቤ ቆመዋል።

«ድንጋይ ነው፣ ደምሴ ልጄ» አሉኝ።

«ድንጋዩ ይጮሃል፣ ኦቦ።»

«የእኛ ሰፈር ድንጋይ ድሮም ይጮሃል።»

ጓድ ተፈራ አሁንም ሰማይ ያያል። በዚያን ቀን ሰማዩ ላይ ከደመና በቀር ምንም አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልዋሽህ እችል ነበር። ግን እውነቱን ልንገርህ። «ይህ ማጭበርበር ነው!» ብዬ ብጮህ ኖሮ መጀመሪያ የምትያዘው የገዛ ሚስቴ ነበረች። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የከፋ ነው፦ በኮሚቴዎች ስብሰባ ላይ «አርአያ ጓድ ደምሴ» ተብዬ ስሜ ሲጠራ እየታየኝ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ከዚያም የባሰ አደረግኩ። ከኦቦ ቱሉ ቤት ስንወጣ ሚስታቸው ስለ ቁልቋል አጥር ጠየቁኝ፤ የቁልቋል ጉዳይ በሁለት ቃል ያልቃል። እኔ ግን በአጥሩ ሽንቁር ነጠላ ሲያልፍ እያየሁ፣ ሴቶቹ እንዲደርሱ ብዬ ግማሽ ሰዓት ተናገርኩ። አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ቤትም እንዲሁ አለፈ። ስድስተኛው ቤት ስንደርስ ችግኞቹ ከእኔ በላይ ደክሟቸው ነበር።

«በጠቅላላው መቶ ሃያ» አለ ጓድ ተፈራ። መዝገቡን ዘረጋልኝ። «ፈርም እንጂ፣ ጓድ ደምሴ።»

ፈረምኩ። ፊርማዬ ረጅምና ቆንጆ ናት፤ ስድስት ወር ተለማምጄባታለሁ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ብርቄ! ችግኙን ትከዪ ብዬሽ አልነበረም?»

«ተክያለሁ።»

«ጣሳ ውስጥ!»

«ችግኙ ጣሳ ውስጥ፣ ጣሳው አፈር ውስጥ። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ለምን?»

«ጣሳ ውስጥ ያለ ዛፍ የትም አልተተከለም። መጥተው መሬቱን ይዘናል ቢሉኝ ዛፋቸውን አንስቼ እሰጣቸዋለሁ።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፦ «ይልቅ አንተ፣ እስኪ ስንተኛው ቤት ላይ ነው ያወቅኸው?»

«ሦስተኛው ላይ።»

«እና ስድስተኛው ላይ ፈረምክ።»

ልጆቹ ከጓዳ እየሰሙን ነበር። የዚያን ዕለት ስለ ውሸት አላስተማርኩም።

ሰኞ ረፋድ ላይ የፋብሪካውን አጥር ስከረክም ጀማል እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«ጋሼ፣ ወይ መቀስዎን ይዘው ይምጡ፣ ወይ ስንቅ።»

«ምን ሆነ?»

«የጭነት መኪና መጣ። ከከፍተኛው። የሌላው ሰፈር ችግኝ ሁሉ አልቋል፤ የእኛ ብቻ መቶ በመቶ ጸድቋል ተብሎ ተነገረ። መቶውን ነቅላችሁ አውጡ፣ ለእናንተ ሃያ ይበቃችኋል፣ ዋናው አስፋልት ዳር ሊተከል ነው ይላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሰው ይጭናሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ጓድ አስራት የሚባል ካድሬ። ፊርማዎን አሳየን። ቆንጆ ፊርማ ነው።»

ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ስድስቱ ቤት በሙሉ የኦቦ ቱሉ ደጅ ላይ ቆሟል። ማንም አላላገጠብኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። የሐሰት ሪፖርት የፈረመ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «አሻጥረኛ» ከተባልክ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚነግርህ የለም።

«ልሂድና እውነቱን ልናገር» አልኩ።

«ተናግረህ?» አለች ብርቄ። «እነዚህን ልጆች ለማን ትተህ?»

ያን ጊዜ ኦቦ ቱሉ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው «ዋለንሱ» አሉ። ዋለንሱ ማለት ኮርች ነው፤ እሾሃም፣ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ። የሽማግሌው የጓሮ አጥር ከዳር እስከ ዳር ኮርች ነበር፤ አባታቸው የተከሉት። «ቅርንጫፉን ቆርጠህ መሬት ላይ ብትሰካው በክረምት ይበቅላል። ዛፍ ነው የጠየቁት፤ እሱም ዛፍ ነው።»

«ኦቦ፣ አጥርዎ እኮ ነው።»

«አጥር ይበቅላል። አንተ ብትቆረጥ አትበቅልም።»

በመጽሐፌ ውስጥ ስለ ኮርች አንድም መስመር አልነበረም። መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ያለው ሁሉ ወጣ። ሽማግሌው ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ወንዶቹ በክንድ ልክ ይከታትፋሉ፣ ሴቶቹ ጫፉን በጭቃና በከረጢት ይጠቀልላሉ። እኔ እቆጥራለሁ፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ቆጠርኩ። ሰማንያ ኮርች። ከሃያዎቹ እውነተኛ ችግኞች ጋር መቶ ይሞላል።

ጀማል አንዱን የክንድ ውፍረት ያለው ጉማጅ ከፍ አድርጎ ይዞ «ኦቦ፣ ይኼ ችግኝ አይደለም፤ የችግኝ አያት ነው» አለ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ የመኪናው ጥሩንባ ተሰማ።

ሃያዎቹን ከመኪናው ጠርዝ በኩል ደረደርናቸው፤ ኮርቾቹን ከመሐል ደበቅናቸው። ጓድ አስራት ወጣት ነው፤ ኮፍያው አዲስ፣ ጫማው ንጹሕ። በጠርዙ ያሉትን አይቶ «ግሩም ነው!» አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እሱ ግን ለመቁጠር ወደ ላይ ወጣና፣ ሚዛኑን እንዳይስት መሐል ላይ የቆመውን አንዱን ጨበጠ።

«እናቴን!» ብሎ እጁን አነሳ። መዳፉ ላይ ደም ፈሰሰ። «ጥድ እሾህ አለው እንዴ?»

ጀማል፦ «ክረምት ስለሆነ ነው፣ ጓድ» አለ።

ጓድ አስራት ጉማጁን አወጣው። ጫፉ ትኩስ የተቆረጠ ነው፤ ነጭ። ዙሪያውን ተመለከተ። የኦቦ ቱሉ አጥር ጉቶ ጉቶ ሆኖ ይታያል፤ ሽማግሌው መጥረቢያቸውን እንደያዙ ናቸው።

«አንተ ሽማግሌ! የመንግሥትን ችግኝ አጥፍተህ እንጨት ታስጭነናለህ? ያዙት!»

ሁለት ታጣቂዎች ወደ ኦቦ ቱሉ ተራመዱ። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም፤ መጥረቢያውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔንም አላዩኝም። ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር።

ለምን እሸሽግሃለሁ፣ ለአንድ አፍታ ዝም ብዬ ነበር። አንድ አፍታ። ከዚያ የራሴ መሆኑን የተጠራጠርኩት ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«ጓድ፣ እሳቸውን ተዋቸው። ያለው ሃያ ችግኝ ነው። ሲቆጠርም ሃያው ብቻ ነበር። መቶ ሃያ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።»

ጓድ ተፈራ በዚህ ጊዜ ሰማዩን ማየት ትቶ መሬቱን ማየት ጀመረ።

ካድሬው ከመኪናው ወረደ። ቀርቦ አየኝ። «ለምን አልተከላችሁም?» አለ። ሰፈሩን ይህን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ እኔ እንኳ ያን ሁሉ ሳስተምር ጎረቤቶቼን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

መልሱን የሰጡት ኦቦ ቱሉ ናቸው። «የተቆጠረ ዛፍ ያለበት ግቢ የማን ነው? ይህን ንገረንና ነገ ጫካ እናደርገዋለን።»

ጓድ አስራት ደሙን በመሐረብ ጠረገ። ወደ መኪናው፣ ወደ ሰዓቱ፣ ደግሞ ወደ መኪናው ተመለከተ። ከዚያ እኔ ብቻ እንድሰማ አድርጎ፦ «ትናንት መቶ ብዬ ለበላይ ነግሬያለሁ» አለኝ።

የእኔ ውሸት እግር አውጥታ ከእኔ በላይ ካለው ቤት ገብታለች።

«ይሄ ነገር በእርግጥ ይበቅላል?»

«ኦቦ ቱሉ ይበቅላል ካሉ ይበቅላል።»

«ንዳው!» አለ ለሾፌሩ። መኪናው ሃያ ችግኝና ሰማንያ የአጥር እንጨት ጭኖ ሄደ፤ አስፋልቱ ዳር መቶውም ተተከሉ። እኔ ደግሞ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄድኩ። ሦስት ቀን።

እስር ቤት ጥሩ በላሁ። ስድስቱም ቤት በየተራ ምሳ አመላለሰልኝ፤ የጀማል ሚስት ያመጣችውን ቅቅል ዘበኛው ከእኔ በላይ ወደደው። በሁለተኛው ቀን ምሳ ይዛ የመጣችው ትልቋ ልጄ ናት። ሰሃኑን ሰጥታኝ ቆመች።

«አባ፣ በእውነት ስንት ነበር?»

«ሃያ።»

«እሺ» አለች። በዚያ «እሺ» ውስጥ ንቀት ፈልጌ አጣሁ። ይልቅ የሆነ ነገር የቀለላት መሰለኝ። ለካስ የማይዋሽ አባት ለልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ የዋሸውን የሚናገር አባት ግን ልጁም እንድትናገር በር ይከፍትላታል። በዚያው ወር የተሰበሩ ሁለት ሳህኖችና አንድ የመብራት ብርጭቆ ራሳቸውን ገለጡ።

አንባቢዎቼ፣ ምክር መስጠት አልተውኩም፤ ይህን እናንተም ታያላችሁ። ሁለት ነገር ግን ተለወጠ። አንደኛ፣ ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ በአጭሩ መልሼ ጓሮውን አያለሁ። ሁለተኛ፣ «ትከሉ» ከማለቴ በፊት «ለምን አትተክሉም?» እላለሁ። ሕዝብ ሞኝ አይደለም፤ ሃያ ችግኝ ይዞ ስድስት ቤት የሚዞር ሕዝብ ቢፈልግ ስንት ዛፍ እንደሚያሳድግ አስቡት። ያ ሁሉ ብልሃት ለመደበቂያ ዋለ። ግማሹ ጥፋት የወሬው ነው፤ ግማሹ ግን የእኔ አፍ ነው፤ ተናጋሪ በበዛበት ሰፈር እውነት በአጥር ሽንቁር ነው የምትሄደው። ለማንኛውም ኮርቾቹ ብዙዎቹ አቆጠቆጡ። ጥዶቹን ከብት በላቸው።

ሐሙስ ስፈታ የቀበሌው ቅጣት ተነበበ፦ ለጎደሉት መቶ ችግኞች፣ በችግኝ ጣቢያው ዋጋ ለአንዱ ሃምሳ ሳንቲም። ከኮሚቴውም ተሰናበትኩ። ፈራሚው እኔ ስለሆንኩ ብቻዬን ልከፍል ተነሳሁ። ጀማል ክንዴን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ችግኞቹ ስድስት ቤት ነው የገቡት። ዕዳውም በዚያው መንገድ ይዙር።»

የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ አካፈለው። ለአንድ ቤት ስምንት ብር ከሠላሳ ሦስት ሳንቲም። ኦቦ ቱሉ አጥራቸው እንዲታሰብላቸው ብንለምን «የአባቴን አጥር አልሸጥኩም» ብለው እንደ ሁላችን እኩል ከፈሉ። ገንዘቡ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተቆጠረ፤ አርባ ዘጠኝ ብር ከዘጠና ስምንት ሳንቲም ሆነ። ጀማል ደግሞ ቢያካፍልም ሁለት ሳንቲም ለስድስት ሰው አልደርስ አለችው። ሁላችንም ስንተያይ፣ ጓድ ተፈራ ማንንም ሳያይ እጁን ኪሱ ከተተና ሁለት ባለ አንድ ሳንቲም አውጥቶ ከክምሩ ላይ አኖራቸው። ከዚያ ደረሰኙን ጻፈ፦ ሃምሳ ብር።